ፊንጫ ሀበራ፦ የአንድ ቅዳሜ ጉዞ በባሌ ተራሮች

የሱብሒን ሰላት በጀመዓ ሰግደን ከመስጊዱ ደጃፍ ስንሰበሰብ የሮቤ ከተማ ገና በጭጋግ ተሸፍና ነበር። ወሩ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ስድስት ነበርን፦ አንድ የእህል ነጋዴ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ ሹፌር፣ የሹፌሩ ታናሽ ወንድም የሆነ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛ መምህሩ። ከልጁ በስተቀር ሁላችንም በአንድ ሸይኽ ዘንድ ቁርኣን የቀራን፣ ጠዋት ሰሌዳ (ለውሕ) ይዘን ወደ መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዘን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የተመላለስን አብሮ አደጎች ነን።

ከስድስቱ መካከል ሁለቱ፣ ነጋዴውና ልብስ ሰፊው፣ ከአንድ ዓመት በላይ አልተነጋገሩም ነበር። በመስጊድ በአንድ ሰፍ ይቆማሉ፤ ሰላት ሲያበቃ ግን አንዱ በቀኝ በር፣ ሌላው በግራ በር ይወጣል። አንድ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሐዲሡንም ከአንድ ኪታብ ላይ አብረን ነው የተማርነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ታሪኩንም የምንጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልን ነው።

የጉዞው ሐሳብ የሹፌሩ ነበር። «እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን ፏፏቴ ፈረንጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ያየዋል፤ እኛ ግን ከነመኖሩ አናውቅም» ብሎ ሲወቅሰን ሁላችንም አፈርን። እኛም ሐሳቡን የደገፍነው ፏፏቴውን ለማየት ጓጉተን ብቻ አልነበረም። በልባችን አንድ ሸክም ይዘን ነው የተነሣነው፤ የት ቦታ እንደምናራግፈው ግን አናውቅም ነበር።

ከሮቤ እስከ ዲንሾ

ስንቃችንን ያዘጋጁልን እናቶቻችንና ባለቤቶቻችን ናቸው። የባሌ ሰው ለመንገድ ጭኮን የሚያህል ስንቅ የለውም። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤና በቅመም የታሸ ስለሆነ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ጥቂቱ ብዙ ያጠግባል። በዚያ ላይ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት ፔርሙዝ ሻይ ነበረን።

ከሮቤ ወደ ዲንሾ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ያለው የስንዴና የገብስ ማሳ ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው ቢጫ ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። መንገዱ ወደ ምዕራብ እየወጣ ሲሄድ ስንዴው ለገብስ፣ ገብሱ ለግጦሽ ሣር ቦታውን ይለቃል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከመኪናው ስንወርድ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይታይ ነበር። ልብስ ሰፊው ጋቢውን አጣፍቶ ሲለብስ ነጋዴው ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆለፈ። አንዱ የመኪናው የፊት ወንበር ላይ፣ ሌላው የመጨረሻው ላይ ተቀምጠው ነበር የመጡት።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ስፋቱ ከ2000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እዚያ የመግቢያውን ከፍለን፣ አንድ አስጎብኚና ሁለት ፈረሶች ተከራይተን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ «ቢስሚላህ» ብለን በእግር ተነሣን። ፈረሶቹን የሚነዱልን ባለቤታቸው ኦቦ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ፣ ጥምጥማቸው ላይ ኮፍያ የደረቡ አዛውንት ነበሩ።

ጽሕፈት ቤቱ ያለበት ኮረብታ በጽድና በኮሶ ዛፎች የተሸፈነ ነው። ገና አንድ መቶ እርምጃ ሳንሄድ የደጋ አጋዘን መንጋ ከዛፎቹ ሥር ቆሞ አየን። ወንዶቹ ቀንዳቸው ጠመዝማዛ፣ ፀጉራቸው ግራጫማ ነው፤ ሰው እንደማይነካቸው ስለለመዱ አይሸሹም። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። ለሳይንስ ሰዎች የታወቀው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። አዛውንቱ ይህን ስንነግራቸው ሳቁና «እኛማ ከአባቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን ልጆቼ፤ እነሱ ዘግይተው ነው የመጡት» አሉን።

በወይብ ሸለቆ

ከኮረብታው አልፈን ወደ ወይብ ሸለቆ ስንገባ ዓለሙ ሌላ ሆነ። ዛፍ የለም። እስከ አድማስ ድረስ አጭር ሣር፣ ብርማ ቅጠል ያላቸው ቁጥቋጦዎች፣ በየመካከሉ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ። ከሸለቆው ዳርና ዳር ባሉት ተዳፋቶች ላይ አስታ ይታያል። የጭቁኝ ሽታ በእግራችን ሥር እየተነሣ ይከተለናል። ሜዳው በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ስለሆነ ዓይን ከመሬት አይነሣም፤ ቁርጭምጭሚቱን የጠላ ብቻ ነው ወደ ሰማይ እያየ የሚሄደው። ጋቢ የደረቡ ፈረሰኞች በየአቅጣጫው ይመላለሳሉ፤ ገና ከሩቅ እጃቸውን አንሥተው «አሰላሙ ዐለይኩም» ይሉናል። በከተማ ጎረቤቱን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው በዚህ ሸለቆ አንድ ቀን ቢውል ይበቃዋል ስንል ተነጋገርን። ይህን ያለው የጤና ባለሙያው ነበር፤ ካለው በኋላ ግን ማን አጠገቡ እንዳለ አስታውሶ ዝም አለ።

አስጎብኚው በድንገት እጁን አነሣና ቆምን። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን ቀስ እያደረገ ወደ አንድ ጉድጓድ ይጠጋል። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም ያለው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረውም በእነዚህ የባሌ ተራሮች ነው። ምግቡ በአብዛኛው ፍልፈልና አይጥ ነው። ከአዳኝ ይልቅ የሚያጠቃው ከእረኞች ውሾች የሚተላለፍበት የእብደት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የገባው ወረርሽኝ በዚሁ ሸለቆ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ከዚህ የተነሣ ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ። አንድ ሰው ውሻውን አስከተበ ማለት ልጁንም፣ ከብቱንም፣ ይህን በዓለም ብርቅ የሆነ ፍጥረትም ጠበቀ ማለት ነው። ቀበሮው ዘለለ፣ ሳተ፣ ሰው እንዳየው ያወቀ ያህል ጭራውን ሰብስቦ ሄደ።

አራት ሰዓት አካባቢ ከወንዙ ደረስን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውሃው ከጉልበት በላይ ነበር፤ ቅዝቃዜውም እጅ ያደነዝዛል። አዛውንቱ በፈረስ ሁለት ሁለት እያደረጉ ሊያሻግሩን ጀመሩ። ስለ ሰዎቹ ጠብ የሚያውቁት ነገር አልነበረምና ከሲታ ሰውነታቸውን ብቻ አይተው ነጋዴውንና ልብስ ሰፊውን «እናንተ ቀላል ናችሁ፤ አብራችሁ ውጡ» አሏቸው። እኛ መሬት መሬት አየን። ሁለቱም አዛውንቱን እምቢ ማለት አፍረው ወጡ። ልብስ ሰፊው ከኋላ ተቀምጦ የነጋዴውን ወገብ ላለመያዝ የኮርቻውን ጠርዝ ጨበጠ። ከወንዙ መካከል ሲደርሱ የፈረሱ ኮቴ በድንጋይ ላይ ሸተት አለ። ልብስ ሰፊው ኮርቻውን ለቆ ካፖርቱን በሁለት እጁ አነቀው፤ ነጋዴውም ሳይዞር አንድ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ክንዱን ያዘው። ማዶ ሲደርሱ ተላቀቁና እያንዳንዱ በየፊናው ጫማውን ማራገፍ ጀመረ። ማንም ምንም አላለም። አዛውንቱ ብቻ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ድንጋይና ውሃ

ፊንጫ ሀበራን ዓይን ሳያየው በፊት ጆሮ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ነፋስ መስሎን ነበር፤ ነፋሱ ሲቆም ድምፁ ግን አልቆመም። ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃውም ከጥቁሩ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተንደርድሮ ነጭ ሆኖ ይወድቃል። ከዋናው ፏፏቴ ጎን ክረምት ያወፈራቸው ቀጫጭን ጅረቶች በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየተንጠባጠቡ ይወርዳሉ። ከታች ያለው ጭጋግ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስተ ደመና ይሠራል። ድንጋዩ ሁሉ በሽበት ተሸፍኗል፤ መቆሚያ ያጣ ሰው ሊንሸራተት ይችላልና አስጎብኚው ወደ ጠርዙ እንዳንጠጋ አጥብቆ ነገረን።

ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። በሱረቱል በቀራ 74ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ደረቁ ልቦች ሲናገር ከድንጋይ ጋር ያነጻጽራቸዋል፤ ከዚያም ድንጋይን ያስበልጠዋል። ምክንያቱም ከድንጋይ ወንዝ የሚፈነዳበት፣ ተሰንጥቆ ውሃ የሚወጣበት፣ አላህንም ፈርቶ ከከፍታው የሚወርድ አለ። ይህን አንቀጽ በልጅነታችን በቃላችን ያዝነው፤ ተፍሲሩንም አደግ ስንል ቀራነው፤ ለሌሎችም አስተማርነው። በዓይናችን ያየነው ግን በዚያች ቅዳሜ ነው። ፊታችን ላይ የሚረጨው ውሃ ትርጉሙን ለሁላችን እየተረጎመ ያለ ይመስል ነበር። ለእኛ ደግሞ ለብቻችን የሚለው ነገር ነበረው።

ከፏፏቴው ብዙ ሳይርቅ አንድ የድንጋይ ዋሻ አለ። በዚህ ስፍራ የቆፈሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በዋሻው ይኖሩ እንደ ነበር፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደ ነበር፣ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩትም ከ4200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ያመጡ እንደ ነበር ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ የተራሮቹ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ልጁ ጣሪያው በጭስ የጠቆረውን ዋሻ እያየ «እነሱም ይህን ውሃ ጠጥተዋል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። ጠጥተዋል። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ ውሃው የአላህ ነው፣ እየወረደ ነው። ቁርኣን በምድር ላይ ሂዱና ከእናንተ በፊት የነበሩትን ሁኔታ ተመልከቱ እያለ በተደጋጋሚ የሚያዘን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ይመስለናል።

የወይብ ውሃ ከዚህ ተነሥቶ ብዙ አገር ያዳርሳል። ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ቆላውን ሰንጥቆ፣ ከሮቤ በስተምሥራቅ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ዋሻ ስሙን ያገኘው፣ የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው፣ ከተከታዮቻቸው ጋር ለዒባዳ ከተጠለሉበት ከሸይኽ ሶፍ ዑመር ነው። ከዚያም አልፎ ከገናሌ ውሃ ጋር ይገናኝና ጁባ በሚባለው ወንዝ በሶማሊያ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ሰው ውሃውን ቢያቆሽሽ፣ ወይም የተራራውን ቁጥቋጦ ቢያቃጥል፣ ስሙን የማያውቀው የቆላ አርብቶ አደር ሐቅ ነው የሚነካው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን አጥብቀው መከልከላቸውን ለልጁ ያስታወስነው በዚህ ምክንያት ነበር።

የበትሩ ጥላ

የዙህር ወቅት ተቃረበ። ውዱእ ለማድረግ ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ጸጥ ያለ ውሃ ሄድን። ወንዝ ላይ ስለሆነ ልጁ ውሃውን በሁለት እጁ እያፈሰ ሲረጨው ነጋዴው ሳቅ ብሎ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደ ነበር ነገረው። አንድ ሙድ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ውሃ በሞላበት ቦታም ቢሆን ማባከን የተጠላ መሆኑን ፉቀሃዎች ጽፈዋል። በብርድ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ኃጢአት እንደሚያስምር የሚናገረውን ሐዲሥ ደግሞ ጣቶቻችን ራሳቸው መሰከሩልን።

ቂብላውን ለማወቅ አስጎብኚው ስልኩን ቢያወጣም መስመር አልነበረም። እኛም የጂኦግራፊ ትምህርታችን አንድ ቀን ለሰላት ሲጠቅም በማየታችን ደስ አለን። መካና ይህ ሸለቆ ሁለቱም ከ40ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ጥቂት ወደ ምዕራብ፣ በአንድ መስመር ላይ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ ቦታ የቆመ ሰው ቂብላው ቀጥታ ሰሜን ነው። በጥቅምት ወር ፀሐይ ከእኛ በስተደቡብ በኩል ስለምታልፍ ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። የአዛውንቱን በትር ሜዳው ላይ ተከልን። ስድስት ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ጥላው አጠረ፤ የበትሩን ሲሶ አከለ፤ ወደ ካዕባም አቀና። ከዚያ ጥቂት ዘንበል ሲል ልጁ አዛን አደረገ። በውሃው ድምፅ መካከል የልጁ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ሲሰማ አዛውንቱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ሹፌራችን «መንገደኛ አይደለንም እንዴ? ሁለት ረከዓ አይበቃንም?» ብሎ ነበር። በሻፊዒይ መዝሀብ ለማሳጠር የሚያበቃው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ከሮቤ የራቅነው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አራቱንም ሰገድን። ከመካከላችን ቂርኣቱ የሚያምረው ነጋዴው ስለሆነ እንደ ልጅነታችን ጊዜ ኢማም ሆነ። ልብስ ሰፊው ከኋላው ቆመ። የሁለቱም ግንባር በአንድ ሣር ላይ ወረደ።

የተደበቀው ምስክርነት

ምሳ በልተን ሻይ ሲቀዳ ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልንም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አንድ ማታ ነጋዴው ለልብስ ሰፊው ገንዘብ ሰጠው። ልብስ ሰፊው በገንዘቡ ነጭ ሽንኩርት ገዝቶ ዋጋ እስኪጨምር አስቀመጠ፤ ክረምት ገባና ሽንኩርቱ በሰበሰ። ነጋዴው «ያበደርኩህን መልስ» አለ። ልብስ ሰፊው «በሙዷረባ የሰጠኸኝ ነው፤ ብናተርፍ ትካፈል እንደ ነበረ ሁሉ ኪሳራውም የባለ ገንዘቡ ነው» አለ። የሁለቱም ንግግር በሸሪዓ መሠረት አለው፤ ብድር ይመለሳል፤ በሙዷረባ ግን ሠሪው እስካላጠፋ ድረስ ገንዘቡ ቢጠፋ ባለ ገንዘቡ ይሸከመዋል። ልዩነቱን የሚወስነው በዚያ ማታ የተባለው ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ አልተጻፈም።

ያልተጻፈበት ምክንያት እኛ ነን። በዚያች ማታ በሱቁ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ የነበርነው እኛ ብቻ ነበርን። ልብስ ሰፊው ወረቀት ሲጠይቅ «በወንድማማቾች መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል!» ብለን ያሳቅነው እኛ ነን። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍ የሚያዝዘው መሆኑን በየዓመቱ ለተማሪዎች የምንናገር ሰዎች ነን። ከዚህም የከፋው በኋላ የሆነው ነው። ሽማግሌዎች ጠርተው ሲጠይቁን «በደንብ አናስታውስም» አልን። እናስታውስ ነበር። ነጋዴው በእናታችን ሕመም ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ከሐኪም ቤት ያልተለየን ሰው ነው፤ በእሱ ላይ መመስከር ከበደን። ከዚያው ረጅም አንቀጽ ቀጥሎ ያለው፣ ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ ነው የሚለው ቃል አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶናል።

ሻዩን ከእጃችን አስቀምጠን የሰማነውን ተናገርን። ነጋዴው ያኔ ያለው «እንካ፣ ሥራበት፤ ያተረፍከውን እኩል እንካፈላለን» ነበር። ብድር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ዝም ማለታችንም ጥፋት እንደ ነበር ተናግረን ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅን።

ነጋዴው ለረጅም ጊዜ ውሃውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ «አንተ ይህን ለመናገር ተራራ መውጣት ነበረብህ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ቀጠለና «እንግዲያው ገንዘቤ ከሽንኩርቱ ጋር በስብሷል» አለ። ቁጣው በልብስ ሰፊው ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነበር፤ ልክ ነው፤ የሚገባን ነበር።

ያልጠበቅነው የመጣው ከልብስ ሰፊው ነው። አንገቱን ደፍቶ የመጋዘኑ ጣሪያ እንደሚያፈስ አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበር፣ ኪራዩ ስለረከሰለት ብቻ እንደ ተከራየው፣ ይህንንም ለሽማግሌዎቹ እንዳልተናገረ ገለጠ። የአንዱ እውነት የሌላውን እውነት ጎትቶ አወጣው። ጥንቃቄ ያጓደለ ሠሪ ደግሞ ከኪሳራው አያመልጥም። አዛውንቱ ነገሩን ሁሉ ጸጥ ብለው ሲሰሙ ቆይተው «ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ አላችሁበት፤ ግማሽ ግማሽ ተሸከሙ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከየትኛውም ኪታብ ልናወጣላቸው ባልቻልን ነበር።

ልብስ ሰፊው የገንዘቡን ግማሽ በሁለት ዓመት ከፍሎ ሊጨርስ፣ ነጋዴው የቀረውን ሊተው ተስማሙ። በዚህ ጊዜ ከቦርሳችን ደብተር አውጥተን ጻፍነው። ከፏፏቴው የሚመጣው ጤዛ የመጀመሪያውን ወረቀት አርሶ ቀለሙን ስላፈሰሰው ራቅ ብለን በሁለተኛ ገጽ እንደገና ጻፍን። የጤና ባለሙያውና ሹፌሩ በምስክርነት ፈረሙ። ሁለቱ ባላንጣዎች አልተቃቀፉም፤ እንባም አልፈሰሰም። ነጋዴው ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ከተተና «እንሂድ፣ ይመሽብናል» አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስን። ዐስርን በመንገድ ላይ ሰገድን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ዲንሾ ገባን። በመመለሻው ነጋዴው ከእኛ ጋር አንድም ቃል አልተነጋገረም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን አዛውንቱ ሳያዝዙት ፈረሱ ላይ ወጥቶ ለልብስ ሰፊው ከኋላው ቦታ ተወለት። ሮቤ ላይ መጀመሪያ የወረደው ነጋዴው ነበር። በሩን ሲዘጋ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። ከሁላችን ቀድሞ ሰላምታውን የመለሰው ልብስ ሰፊው ነው። ከእኛ ጋር ለመታረቅ ነጋዴው ሁለት ጁሙዓ ፈጀበት፤ እሱንም አልሐምዱሊላህ እንላለን።

ለመሄድ ለሚያስቡ

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ፊንጫ ሀበራ ለመሄድ የሚመች ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምት መንገዱ ይጨቀያል፤ በበጋው መጨረሻም ውሃው ይቀንሳል። በእግር ለሚሄድ አራት ሰዓት መሄጃ፣ አራት ሰዓት መመለሻ ይያዝ። የቀኑ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ጥላው ይበርዳል፤ ኮፍያም ካፖርትም ያስፈልጋል። ከፍታውን ያልለመደ ሰው አንድ ቀን ዲንሾ አድሮ ቢነሣ ይመረጣል። ያለ አስጎብኚ መሄድ አይገባም፤ የፈረስ ኪራዩም ለአካባቢው ቤተሰብ ገቢ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ደግሞ ፏፏቴው ድረስ መድከም ሳያስፈልጋቸው በዲንሾ ኮረብታ ላይ አጋዘኖቹን አይተው ውለው መመለስ ይችላሉ። ባለቤቶቻችን ይህን ሰምተው «ጭኮውን እኛ ሠራን፣ ተራራውን እናንተ አያችሁ» ስላሉን፣ ለሚቀጥለው ዕረፍት ቤተሰብ ይዘን ለመሄድ ቃል ገብተናል፤ ይህንንም ቃል ጽፈነዋል።

የያዛችሁትን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ያልተጻፈ ዕዳ፣ ያልተነገረ ምስክርነት ካላችሁ ጨርሱት። እኛ ይህን ለማድረግ ድንጋይ ተሰንጥቆ ውሃ ሲወጣበት እስክናይ ድረስ ጠበቅን፤ እናንተ ግን እቤታችሁ ሆናችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልቦቻችንን ከድንጋይ የለሰለሱ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።